ሌዘር የተባለ ሁሉ ሌዘር አይደለም



በጀውሃም ሆነ በሸዋ ሮቢት «ሌዘር» ሲባል ድሮ ሁላችንም የምናስበው የቆዳውን ጃኬት ነበር። እሱንም ቢሆን ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን ለሚወጣ ሰው ካልሆነ በቀር በእኛ ሙቀት የሚፈልገው የለም። ዛሬ ግን ሌላ ሌዘር መጥቷል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ማስታወቂያ፣ በስልክ የምናየው ቪዲዮ፣ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆቻችን በሻንጣ ይዘውት የሚመጡት ትንሽ መሣሪያ፣ ሁሉም «ፀጉርን ለዘለዓለም የሚያጠፋ ሌዘር» እየተባለ ይጠራል። ለዚሁ ብላ ዕቁቧን የምትጠብቅ እህት አለች። ገንዘቡ የላብ ነው፤ ቆዳውም የሚተካ አይደለም። ስለዚህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ይህ ብርሃን ከየት እንደመጣና የትኛው በእውነት ሌዘር እንደሆነ በታሪኩ በኩል እንየው። የዘመን አቆጣጠሩ በሌላ ካልተገለጸ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ከወረንጦ እስከ ኤሌክትሪክ መርፌ

ፀጉርን ከገላ ማንሳት ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለም። ለሙስሊም እህቶቻችን የብብትና የገላ ፀጉርን ማንሳት የንጽሕና ሥርዓት ነው። በምላጭ የምታነሳ አለች፤ በክር የምታስነሳ አለች፤ ስኳር በሎሚ አንጥራ የምትለጥፍም አለች። እናቶቻችን ደግሞ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ወረንጦ ነበራቸው። በወረንጦ እሾህ ይወጣል፤ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍትም ይነቀላል። ትራኮማ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ሲያጥፈው ፀጉሩ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል፤ ይህ በሽታ በአማራ ክልል ስንት እናት እንዳሠቃየ የማያውቅ የለም። ወረንጦው ለጥቂት ሳምንት ፋታ ይሰጣል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

የኤሌክትሪክ ፀጉር ማስነሻ የተወለደውም ከዚሁ ችግር ነው። በ1875 ቻርለስ ሚሼል የተባለ የዓይን ሐኪም በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ አዲስ ዘዴ ጽፎ አሳወቀ። ቀጭን መርፌ በተቀለበሰው ሽፋሽፍት ሥር እያስገባ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፍበታል፤ ሥሩም ይሞታል። ዘዴው ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል፤ ኋላም ለፊትና ለገላ ፀጉር ዋለ። ፀጉሩን አንድ በአንድ መልቀም ስለሆነ አድካሚ ነው። ነገር ግን ጥቁር ፀጉር፣ ሽበት፣ ጠይም ቆዳ፣ ቀይ ቆዳ ብሎ አይመርጥም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ «ዘላቂ የፀጉር ማስወገጃ» ብሎ የሚቀበለው ይህን ብቻ ነው። ሌዘርን የሚጠራው «ዘላቂ የፀጉር መቀነሻ» ብሎ ነው። ማስወገድና መቀነስ ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ «ለዘለዓለም» የሚለው ማስታወቂያ ግን ይህን አይነግረንም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሽፋሽፍቷ የተቀለበሰባት እህት መፍትሔዋ በጤና ተቋም የሚሰጠው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። የውበት ሌዘር ከዓይን ቆብ አካባቢ ፈጽሞ መቅረብ የለበትም።

ያቃጠለው ተስፋ

ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ኤክስሬይን በ1895 መጨረሻ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1896፣ ሊዮፖልድ ፍሮይንድ የተባለ የቪየና ሐኪም ጀርባዋ ላይ ፀጉራም ምልክት የነበረባትን አንዲት ትንሽ ልጅ በዚህ ጨረር አከማት። ፀጉሩ ረገፈ። የልጅቷ ጀርባ ግን ቆሰለ፤ ቁስሉም ቶሎ የሚድን አልሆነም። ማስጠንቀቂያው ከመጀመሪያው ቀን ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው።

የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1920ዎቹ በኒውዮርክ አልበርት ጋይሰር የተባለ ሐኪም «ትራይኮ» የሚባል የኤክስሬይ ፀጉር ማስነሻ አወጣ። መሣሪያውን ለውበት ሳሎኖች አከራዩት። የሚያንቀሳቅሱት አጭር ሥልጠና የወሰዱ የሳሎን ሠራተኞች ነበሩ። ለሴቶቹ የተነገራቸው አያምም፣ አይጎዳም፣ ጨረሩ አይሰማም ተብሎ ነው። በእርግጥም አይሰማም ነበር፤ ጉዳቱ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ነው የመጣው። ቆዳቸው ተጨማደደ፣ ተሰነጠቀ፣ ቆሰለ፤ የብዙዎቹም ወደ ካንሰር ተለወጠ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1929 ድምፁን ከፍ አድርጎ አወገዘው፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ይሁን እንጂ ኤክስሬይ የሚለው ስም ሲጠላ አንዳንድ ሳሎኖች ያንኑ ጨረር «የብርሃን ሕክምና» እያሉ መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመሣሪያን ስም ግን ነጋዴ ነው የሚያወጣው። ከዚህ ታሪክ የሚቀረን ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ከውስጥ ያለውን ጨረር አይነግረንም።

ብርሃን ራሱ መድኃኒት ሆኖ ያዳነበት ጊዜም አለ። ኒልስ ፊንሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም የቆዳ ነቀርሳን በተሰበሰበ ብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ብርሃን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ሳይሆን «የትኛው ብርሃን፣ በምን ያህል መጠን፣ በማን እጅ፣ ለየትኛው ቆዳ?» ነው።

ቀይ ዕንቁና መብራቱ

ሌዘር የሚሠራበትን ሐሳብ አልበርት አንስታይን በ1917 ጽፎታል። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ማይማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። መሣሪያው ከጣት የማይበልጥ የቀይ ዕንቁ ዘንግ ነበረው፤ በዙሪያው ደግሞ እንደ ፎቶ ካሜራ መብራት ብልጭ የሚል ጠምዛዛ አምፖል ተጠምጥሞበታል። አምፖሉ ሲበራ ዕንቁው ያንን የተበታተነ ብርሃን ጠጥቶ አንድ ዓይነት ቀይ ጨረር አድርጎ ያወጣዋል።

ይህችን ነገር ልብ በሉ፤ ሌዘርን ከሌላው የምንለይባት ቁልፍ እሷ ነች። የአምፖል ብርሃን እንደ ገበያ መፍቻ ሰዓት ሰው ነው። ሁሉም በየመንገዱ፣ በየእርምጃው፣ የየራሱን ሸክም ይዞ ይበተናል። የሌዘር ብርሃን ግን እንደ ደቦ አጨዳ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዜማ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ እኩል እርምጃ ይሄዳል። ቀለሙ አንድ ነው። ይህን አንድ ቀለም ባለሙያዎች በቁጥር ይለኩታል፤ ቁጥሩ የሞገድ ርዝመት፣ መለኪያው ናኖሜትር ይባላል። የማይማን ቀይ ዕንቁ ቁጥር 694 ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሊዮን ጎልድማን የተባለ የሲንሲናቲ የቆዳ ሐኪም ይህን ጨረር በቆዳ ላይ ሞከረውና በ1963 ውጤቱን አሳተመ። ጨረሩ ነጩን አልፎ ጥቁሩን ነገር እየመረጠ እንደሚመታ አየ። ምክንያቱን በሥርዓት ያስረዱት ግን ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ናቸው፤ ጊዜው 1983 ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ ከነጭ ልብስ ይልቅ ቶሎ እንደሚግል፣ ፀጉርን ያጠቆረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ብርሃኑን ጠጥቶ ይግላል፤ ሙቀቱም የፀጉሩን ሥር ያቃጥላል። ብርሃኑ በትክክለኛው ቁጥርና በአጭር ቅጽበት ከተለቀቀ በዙሪያው ያለው ሥጋ ሳይጎዳ ሥሩ ብቻ ይሞታል።

በ1996 አንደርሰን ያለበት ቡድን በ13 ፈቃደኞች ላይ የቀይ ዕንቁ ሌዘርን ለፀጉር ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዓይነቶች ተከተሉ፤ 755 ቁጥሩ አሌክሳንድራይት፣ ወደ 810 የሚሆነው ዳዮድ፣ 1064 ደግሞ ኤንዲ ያግ ይባላል።

ዕንቁው ሲቀር

በዚያው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ መሣሪያ ወደ ገበያ ገባ። ስሙ በአጭሩ አይ ፒ ኤል ነው፤ ትርጉሙም ኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለእግር ደም ሥሮች ሲሆን ኋላ ለፀጉርም ዋለ። አይ ፒ ኤል ማለት የማይማን መሣሪያ ያለ ዕንቁው ነው ብንል አንሳሳትም፤ የቀረው አምፖሉ ብቻ ነው። ከ500 አካባቢ እስከ 1200 ናኖሜትር ያለውን የብርሃን ዓይነት ሁሉ በአንድ ላይ ይለቃል። ከፊቱ ማጣሪያ መስታወት ይደረግለታል። ማጣሪያው እንደ ወንፊት አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ያሳልፋል፤ ወንፊት ግን ጤፉን ከገለባው ቢለየውም አንድ ፍሬ ብቻ መርጦ አያወጣም።

አይ ፒ ኤል መጥፎ መሣሪያ አይደለም። ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ ጥቁር ለሆነች ሴት ልምድ ባለው ባለሙያ እጅ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ክፋቱ ሌዘር ተብሎ መሸጡና ለሁሉም ቆዳ ይሆናል መባሉ ነው። ከዚያ ዝቅ ብለው ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩባቸው የፊት ጭንብሎች አሉ፤ ኤል ኢ ዲ ይባላሉ። የፀጉርን ሥር የሚገድል ሙቀት የላቸውም። እነሱንም «ሌዘር» ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም።

የእኛ ቆዳ ከሠንጠረዡ ውጭ ነበር

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ብርሃኑ ጥቁሩን መርጦ ይመታል ብለናል። የእኛስ ቆዳ? በእኛ ቆዳ ውስጥም ያው ሜላኒን አለ። ስለዚህ ብርሃኑ የፀጉሩ ሥር ሳይደርስ ላይኛው ቆዳ ይጠጣውና ይቃጠላል። ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ሲድንም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ወይም ነጭ ለምጥ የመሰለ ቦታ ይተዋል።

ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1975 ቆዳን ፀሐይ ሲመታው እንደሚሆነው የሚመድብ ሠንጠረዥ አወጣ። ዛሬም የሌዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ሠንጠረዡ ሲጀመር የነጮችን ቆዳ ብቻ የያዘ አራት መደብ ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው የተጨመሩት ኋላ ነው። መሣሪያዎቹም እንደዚያው ናቸው። የመጀመሪያው የቀይ ዕንቁ ሌዘር ለጥቁር ቆዳ የሚሆን አልነበረም።

ለውጥ ያመጣው ረጅሙ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሜላኒን የሚጠጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ብርሃኑም ጠልቆ ይገባል። 1064 ቁጥር ያለው ኤንዲ ያግ ላይኛውን ቆዳ ከሌሎቹ ይልቅ እየማረ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ለጥቁር ቆዳ ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። በጥንቃቄ የተስተካከለና ቆዳን የሚያቀዘቅዝ ዳዮድም ለብዙ ጠይሞች ይሠራል። አይ ፒ ኤል ግን ለእኛ አደጋው ከፍ ይላል፤ ከሚለቃቸው ብርሃኖች ብዙዎቹ አጫጭሮቹ ናቸውና። ከውጭ በሻንጣ የሚመጡት የቤት መሣሪያዎች አብዛኞቹ አይ ፒ ኤል ናቸው፤ የብዙዎቹ መመሪያም ለጥቁር ቆዳ አይሆንም ይላል። መመሪያው በማናነበው ቋንቋ ቢጻፍም የቆዳ ቀለሞችን ደርድሮ በጨለማዎቹ ላይ ምልክት ያደረገ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ሣጥኑ ላይ አለና እሱን ፈልጉ።

እውነተኛ ሌዘር መሆኑ ብቻም አይበቃም። 755 ቁጥር ያለው አሌክሳንድራይት ንጹሕ ሌዘር ነው፤ ነገር ግን በጥቁር ቆዳ ላይ በግድየለሽነት ቢለቀቅ ያቃጥላል።

እንዴት እንለየው?

አንደኛ፣ ቁጥሩን ጠይቁ። «የዚህ መሣሪያ የሞገድ ርዝመት ስንት ነው?» በሉ። 755፣ 810 ወይም 1064 የሚል ቁርጥ ያለ ቁጥር ከሆነ ሌዘር ነው። ሁለት ሦስት ቁርጥ ቁጥሮች አንድ ላይ ያጣመረ መሣሪያም አለ። «ከዚህ እስከዚህ» ከተባላችሁ ወይም ማጣሪያ እንደሚቀየር ከተነገራችሁ አይ ፒ ኤል ነው። መልስ ከሌለ ደግሞ መልሱ ያው ነው፤ ዕቃችሁን አንሱ።

ሁለተኛ፣ መነጽሩን እዩ። ብርሃኑ ዓይን ስለሚጎዳ ለታካሚዋም ለባለሙያዋም መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። በባለሙያዋ የሌዘር መነጽር ላይ የሚከላከለው የብርሃን ቁጥር ታትሞበታል፤ ከመሣሪያው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። መነጽር የሌለበት ቤት አትቀመጡ።

ሦስተኛ፣ በስም አትታለሉ። ኢ-ላይት እና ኦ ፒ ቲ የሚባሉት የአይ ፒ ኤል ዘሮች ናቸው። ኤስ ኤች አር ደግሞ የአለቃቀቅ ስልት ስም ነው፤ በሌዘርም በአይ ፒ ኤልም ይሠራበታል። በመሣሪያው ቅርጽም ብቻ አትፍረዱ፤ የአይ ፒ ኤል መስታወት አራት ማዕዘን ነው፣ የብዙ ዳዮዶችም እንዲሁ።

አራተኛ፣ በትንሽ ቦታ እንዲሞከርላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ነክታ ቆዳው የሚሆነውን ጠብቃ ታያለች። በዚያው ቀን ሙሉ እግር ልሥራ የምትል ከሆነ ተጠራጠሩ።

አምስተኛ፣ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ። በአንገት ወይም በአገጭ ላይ ንቅሳት ያላት እህት በንቅሳቱ ላይ ሌዘር እንዳይነካት ትጠንቀቅ፤ ቀለሙ ብርሃኑን ጠጥቶ ክፉኛ ያቃጥላል። ሂና የተቀባች ወይም እንሶስላ የሞቀች ቀለሙ እስኪለቅ ትቆይ። ማሳ ስትውል ፀሐይ ያጠቆራት ቆዳዋ እስኪመለስ ትጠብቅ። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ከወለደች በኋላ ይደረስበታል።

ስድስተኛ፣ ሒሳቡን ሙሉውን አስሉ። ሌዘር የሚገድለው በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ስለሆነ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ከጀውሃ አዲስ አበባ የሚደረገውን ጉዞ፣ ማደሪያውንና የሚቀረውን ሥራ ደምሩበት። ሽበት ወይም ነጭ ፀጉር ሜላኒን ስለሌለው ሌዘር ምንም አያደርገውም፤ ለእሱ ገንዘብ አታውጡ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን እንወቅ፦ በአገጭና በደረት ላይ ድንገት ፀጉር መብቀል የጀመረባት፣ የወር አበባዋም የተዛባባት እህት ጉዳዩ የሆርሞን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይታከም ፀጉሩን ብቻ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። አንዳንዴም በፊት ላይ የተለቀቀ ደካማ ብርሃን ፀጉሩን ከመቀነስ ይልቅ ያበዛዋል። እንዲህ ያለችው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ትሂድ። ፀጉሬ አይከፋኝም ያለችውንም ማንም አያስገድዳት።

በአገራችን የሕክምና መሣሪያዎችን የሚመለከት ሕግ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። ስለዚህ «ፈቃዳችሁን አሳዩኝ» ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነስቶ ለቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛነት የበቃ ተቋም ነው፤ የቆዳ ሐኪም ማማከር ለምትፈልግ እህት በር አለ ማለት ነው። ቃጠሎ የደረሰባት ካለች ቦታውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ታብርደው፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀባው፤ ፈጥና ጤና ጣቢያ ትሂድ።

የኒውዮርክ ሴቶች በ1920ዎቹ የተጎዱት ሞኞች ስለነበሩ አልነበረም። የሚጠይቁት ጥያቄ በእጃቸው ስላልነበረ ነው። እኛ ዛሬ ጥያቄው አለን። ቁጥሩን፣ መነጽሩን፣ ሙከራውንና ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ለልጆቻችንም እንንገራቸው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነውና።